ጎንደር ጀበና አልሠራችም

ለሙዚየም ኃላፊዎች፣ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ እንዲሁም ቤቱ ውስጥ አንድ ሸክላ ላለው ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንዲት ካርድ ነው። መዳፍ የማትሞላ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች ካርድ።

ባለፈው ክረምት ዝናብ አባርሮኝ አንድ ሙዚየም ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱ የአንድ ቤት አይደለም፤ ሌላም ቦታ ዞሬ አይቻለሁ፣ ያው ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሏል። ከሥሩ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱና የቀለሙ ዓይነት ተጽፏል። አለፍ ሲሉ የብራና መጽሐፍ አለ። የጸሐፊው ስም አለ። ያጻፈው ባለጸጋ ስምም አለ። ከዚያ ሸክላዎቹ ጋ ደረስኩ። አንዲት ጥቁር ጀበና፣ አንገቷ ቀጠን ያለ፣ አፏ ትንሽ የተሸረፈ። ካርዷ ላይ ሁለት ቃል ብቻ። «ጀበና። ጎንደር።» ከታች በደቃቅ ፊደል ዕቃዋን ለሙዚየሙ ያበረከቱት ሰው ስም ሰፍሯል፤ ከነማዕረጋቸው።

የሰጡት ሰው ስም አላቸው። የሠራችው የላትም።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። ከተማዋን አውቃታለሁ። ጎንደር ጀበና አልሠራችም። ጎንደር ጭቃ ፍለጋ ገደል አልወረደችም፣ ኩበት አልለቀመችም። ጀበናዋን የሠራችው አንዲት ሴት ናት። እሷም በዚሁ ሥራዋ ስትሰደብ የኖረች ሴት ሳትሆን አትቀርም።

«ለዚህ ደግሞ ደብዳቤ ይጻፋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

አፈር ሁሉ ሸክላ አይሆንም። ሸክላ ሠሪ የትኛው ቦታ ያለው አፈር እሳት እንደሚችል ታውቃለች። ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣዋለች። ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትጨምርበታለች። ገሉ የድሮ ዕቃ ስባሪ ነው፤ አንዱ ድስት ውስጥ የሌላ ድስት አጥንት አለ ማለት ነው። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ማሸት፣ እጅ እስኪዝል ድረስ። መዘውር የላትም። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ገል ላይ አስቀምጣ በእጇ ታዞረዋለች። ጋን ከሆነ ራሷ ትዞረዋለች። በለሰለሰ ጠጠር ታሸዋለች። ጥላ ሥር ለቀናት ታደርቀዋለች። መጨረሻ ላይ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በገለባና በኩበት ትተኩሰዋለች። እሳቱ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ የሳምንት ድካም ሄደ።

የተረፈውን ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። ገዢ ይመጣል፣ በጣቱ ያንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ቃጭ ካለ ስንጥቅ አለው። ከዚያ ክርክር። እናቴ በምጣድ ላይ ስትከራከር ቆሞ ከማየት የጾም ምሳ መጠበቅ ይሻላል።

ልጅ ሆኜ ሸክላ ሠሪዋ አልፎ አልፎ ሰፈራችን ትመጣ ነበር። አጥር ውስጥ አትገባም። በሩ ጋ ትቀመጣለች። ውሃ ከጠየቀች በአንድ አሮጌ ጣሳ ይሰጣታል፤ ጣሳው ለብቻው የሚቀመጥ ነው። እኛ ልጆቹ በዓይኗ እንዳታየን ወደ ጓዳ እንገፋ ነበር። «ቡዳ ናት» ይሉናል። «ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች።» እሷ ከሄደች በኋላ እናቴ አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። በማግስቱ የመጀመሪያው እንጀራ ይወጣል። በላነው። በእጇ የሠራችው ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ በልተን አደግን፤ እሷ እንጀራውን ካየችው ግን «ትበላናለች» እንል ነበር።

ይሄን የምናገረው እናቴን ለማሳጣት አይደለም። እሷም ከእናቷ ነው የሰማችው።

የቡዳ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ ፈረንጆች ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ ወሬ ሰምተው ጽፈዋል። ጉትቻው የሸክላ ሠሪዋ ወይም የአንጥረኛው ነው ተባለ፤ ሰውየው ሲለወጥ ማውለቅ ረስቶ። ተረት ሆኖ ሲታይ ግሩም ነው። ሰው እሳትን አዝዞ አፈርን ድንጋይ ካደረገ፣ ድንጋይን ብረት ካደረገ፣ ራሱንስ ጅብ ማድረግ ምን ያቅተዋል? እንዲህ አስቦ ይሆናል ገበሬው።

እኔ ግን ተረቱን ስሰማ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ። ርስት የነበረው ማን ነው?

ጎንደር አካባቢ ሸክላ ሠሪ ሲባል በብዛት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ቀጥቃጮች ነበሩ፤ ግንበኞችና አናጢዎችም ወጥተውባቸዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም፣ ፈላሲ (አገር የሌለው ተንከራታች) ይሁን ብሎ እንደፈረደ ይተረካል። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ከዚያ የሚያመጡት አሉ። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሸጣል? ጉልበቱን። እጁን። ከሌላ ሰው መሬት ላይ የቆፈረውን ጭቃ። ርስት የሌለው ሰው መሬቱን እንዲመኝ ይጠበቃል፣ ባለ ርስቱም «ዓይኑ ክፉ ነው» ይለዋል። ቡዳ የሚለው ቃል ውስጥ ትንሽ የመሬት ሙግት ያለ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር መራራቁ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤል የራሳቸው የንጽሕና ሕግ ነበራቸው። ከክርስቲያን ጋር ከተነካኩ ይታጠቡ ነበር፤ ጎረቤትም «አትንኩኝ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ልዩነቱ አንዱ ወገን መሬትና ዙፋን ነበረው፤ ሌላው ወናፍና ጭቃ።

ደግሞ ነገሩ የጎንደር ብቻ አይደለም። በወላይታ ቺናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከአሪ ሕዝብ መካከል አንጥረኞች ተገልለው ነው የኖሩት። «ዘራቸው ሌላ ነው» ሲባል ይሰማል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት አንጥረኛውም ገበሬውም ከአንድ ሕዝብ እንደወጡ አሳየ። የለያያቸው መገለሉ ነው። እርስ በርስ ስላልተጋቡ ነው የተራራቁት።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው ይተው ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ ማለት ይቅር ነው ነገሩ። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ እንዳልል እኔ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ ተወልጄ ስድቡን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ሴቶች ዝም አላሉም። በጭቃ መለሱ።

ከጎንደር ወጥታችሁ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ወለቃ የሚባል መንደር ታገኛላችሁ። ጎብኚ በ«ፈላሻ መንደር» ስም ነው የሚያውቀው። የወለቃ ሴቶች ድስትና ጀበና ብቻ አይደለም የሠሩት። ባለፈው ክፍለ ዘመን የውጭ ጎብኚ እየበዛ ሲመጣ ትንንሽ ምስሎች መሥራት አስፋፉ። እንስራ ያዘለች ሴት። መጽሐፍ የያዘ ቄስ። የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አልጋው ነው። ንጉሥ ሰለሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው። መጠኑ የሳሙና ያህል ነው።

እስቲ አስቡት። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክብረ ነገሥት ላይ አለ። ንጉሡ ግብር አብልቶ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ አቅርቦ፣ «ከቤቴ አንዳች እንዳትወስጂ» ብሎ ያስምላታል። ሌሊት ውሃ ይጠማታል። ትጠጣለች። መሐላዋ ፈረሰ። ከዚያ ቀዳማዊ ምኒልክ ይወለዳል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ሥልጣናቸውን ከዚያ ሌሊት ነው የሚቆጥሩት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሳይቀር የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንጉሥ ሰለሞንና ከንግሥተ ሳባ የወረደ ነው ብሎ በአንቀጽ አስፍሮታል። በጥሩ የሕግ አማርኛ ሲጻፍ በጣም የተከበረ ነገር ነው። አልጋው አይታይም።

የወለቃዋ ሴት አልጋውን አሳየችው። ርስት የተነፈገችው፣ ጅብ ነሽ የተባለችው ሴት የዘውዱን መሠረት በመዳፏ ጨምቃ ከነብርድ ልብሱ አውጥታ መንገድ ዳር ለሽያጭ አስቀመጠችው። ቤተ እስራኤልም በአንደኛው ትረካቸው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከመጡት እስራኤላውያን ነው የምንወለድ ይላሉ። ስለዚህ አልጋው የእሷም ነው። «ይሄ ታሪክ እኔንም ይነካኛል» ማለቷ ይመስለኛል። ወይም ጎብኚ ስለሚገዛው ብቻ ሠርታው ይሆናል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እንጀራም ቁምነገርም በአንድ ምጣድ ይጋገራል።

ከሁለት ዓመት በፊት ወለቃ ሄጄ አንድ እንዲህ ያለ አልጋ ገዛሁ። የሠሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ቀረብ ብዬ ሳየው ንግሥቲቱ ከንጉሡ ትበልጣለች። አልጋውን ሁለት ሦስተኛ ይዛዋለች።

«እማማ፣ ንጉሡን ለምን አሳነሱት?» አልኳቸው።

«ምን አሳነስኩት? እሷ እኮ እንግዳ ናት። ለእንግዳ ቦታ ይለቀቃል።»

እስከ ዛሬ ስለ ክብረ ነገሥት ከሰማሁት ትንታኔ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ካርዱ ላይ ግን ይሄ ሁሉ አይጻፍም። ሙዚየም ቢገባ ምን እንደሚባል እናውቃለን። «የሸክላ ምስል። ጎንደር።»

ሸክላ እኛ ዘንድ የወጥ ቤት ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። ቋንቋችን ግን ከዚያ በላይ እንደሆነ ይመሰክራል። ሹመት ሲቀያየር «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ባለጉዳዩ ዝም ብሎ የማይመለከተው ሰው ሲጮኽ «ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ» ነው። ክፉውን ሰው ስለሌላው ብለን ስናልፈው «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ»። ትልቁ በትንሹ መደገፉን ስናይ «ጋን በጠጠር ይደገፋል»። ችሎታው ሳይታወቅለት የቀረ ሰው ደግሞ የጋን ውስጥ መብራት ነው። በአማርኛ ፖለቲካ ማውራት የፈለገ ሰው ከሸክላ ማምለጥ አይችልም። ሸክላውን ግን ማን ሠራው ሲባል ጭጭ።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ውረድ ተባለ። ወረደ። ሸክላ ሠሪው ጭቃውን ሲያበላሽና እንደገና ሲሠራው አየ፤ እግዚአብሔርም ራሱን በዚያ ሸክላ ሠሪ መሰለ። ይሄን ስብከት ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። «እኛ ጭቃ ነን፣ አንተ ሠሪያችን» እያልን አልቅሰናል። ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋን ስናይ ልጃችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ኤርምያስ እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ አጥር ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው።

ሌላ አገርስ? ብዙ ማንሳት ይቻላል። ሁለት ብቻ ላንሳ። የጥንት አቴናውያን ከተማዋን ያሰጋታል ብለው የጠረጠሩትን ሰው የሚያባርሩት በገል ነበር። ፓፒረስ የሚባለው መጻፊያ ውድ ነው፤ ገል ግን የትም ወድቋል። እያንዳንዱ ሰው ገሉ ላይ ስም ይጭራል። በቂ ድምፅ ከተሰጠ ስሙ በብዙ ገል ላይ የወጣ ሰው ለ10 ዓመት ከከተማዋ ይወጣል። ቴሚስቶክሊስ የሚባለው ጦረኛ በዚሁ ነው የተባረረው። ስሙ የተጫረባቸው ገሎች ዛሬ በግሪክ ሙዚየሞች ይታያሉ። ከተሰበረ ዕቃ ላይ የሕዝብ ቁጣ ይነበባል።

ሁለተኛው ይበልጥ ወደ ጉዳዬ ይጠጋል። አሜሪካ ውስጥ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በሚባል ቦታ ዴቭ የሚባል ባሪያ ሸክላ ሠሪ ነበር። በኋላ ዴቪድ ድሬክ ተብሏል። ከ1834 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ግዛት ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ዴቭ ግን ትልልቅ ጋን የሚያካክሉ ማሰሮዎች ይሠራና ጭቃው ሳይደርቅ ስሙን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም ሁለት መስመር ግጥም ይጭርባቸዋል። በ1857 እ.ኤ.አ. በሠራው አንዱ ላይ ዘመዶቼ ሁሉ የት ይሆኑ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ ለሰው ሁሉ፣ ለሕዝብ ሁሉ ወዳጅነት ይሁን አለ። ዘመድን አንድ በአንድ ሸጦ በሚበትን ሥርዓት ውስጥ፣ የሌላ ሰው ንብረት በሆነ ማሰሮ ላይ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከማሰሮዎቹ አንዱ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ስሙ ባይኖርበት ኖሮ የሥጋ ማስቀመጫ ነበር።

«የእኛ ሴቶችስ ለምን አልጻፉም?» ብዬ አስቤ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ወለቃ ነው፤ ከእኚያው አሮጊት።

በመጀመሪያ ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ወለቃ ውስጥ ዛሬ ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ቤተ እስራኤል አይደሉም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ወደ እስራኤል ተወሰደ፤ ብዙዎች በእግር ሲጓዙ መንገድ ላይ ቀርተው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17 ደግሞ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተጋዘ። አንድ ቀን ተኩል እንኳ አልፈጀም። ምጣዳቸውን ይዘው የሄዱ አይመስለኝም። ከሄዱት ውስጥ እስራኤል አገር ሸክላቸውን የቀጠሉ አሉ። እዚያም ቢሆን ነገር አልቀረላቸውም። እዚህ በሃይማኖታቸውና በእጃቸው፣ እዚያ በቆዳቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ ሲሰማ ኢየሩሳሌም ውስጥ ስንት ሰው እንደተሰለፈ የዚያን ጊዜ ዜና የተከታተለ ያስታውሳል።

መንደሩ ግን ባዶ አልቀረም። ጎብኚው ስሙን እየጠራ መምጣቱን ቀጠለ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶች ጭቃውን አነሡ። የዳዊት ኮከቡንም፣ አልጋውንም መሥራት ቀጠሉ። እማማም ከነዚህ አንዷ ናቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ሙያውን ያስተማረቻቸው ወደ እስራኤል የሄደች ጎረቤታቸው ናት።

አልጋውን ከጠቀለሉልኝ በኋላ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«እማማ፣ ስምዎን ልጻፈው?»

«ምን ያደርግልሻል ልጄ?»

«ማን እንደሠራው ሰው እንዲያውቅ ነው።»

ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ጭቃ ያለበትን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣
«አውቀው ምን ሊሠሩ? የልጅ ልጄ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ሸክላ ሠሪ ናት አያቷ ከተባለ ማን ይጠይቃታል? ተይው ይቅር» አሉኝ።

ማተብ ያሰሩ ክርስቲያን ናቸው። ዘራቸውን የሚያውቅ ጎረቤት አላቸው። ጭቃ ስለነኩ ብቻ ነው። ሙያውን ሲረከቡ ስድቡም አብሮ ተረክቧቸዋል። ይሄ ነው «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚለውን ተረት ባዶውን የሚያስቀረው፤ ቡዳነት በደም አይደለም የሚተላለፍ፣ በሥራ ልብስ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር። እኔ ስም ይጻፍ ብዬ ልከራከር ነው የሄድኩት። ባለ ስሟ ራሳቸው አይጻፍ አሉ። ሙዚየሙ «ይኸው፣ እነሱም አይፈልጉም» ሊል ይችላል። አልስማማም። ስሟን መጻፍ የምትፈራው ሴት ስም የላትም ማለት አይደለም። ስሟን እንዳታጽፍ የሚያስፈራት ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ደግሞ የሚጠፋው ሌላው ሠዓሊ ስሙ በትልቅ ፊደል ሲጻፍለት እሷን «ጎንደር» እያልን አይደለም።

እና ምን ታድርጉ?

አዲስ ሸክላ ስትገዙ ሠሪዋን ጠይቋት። ከፈቀደች ስሟን፣ ካልፈቀደች «ሠሪዋ ስሟ እንዳይጻፍ ጠይቃለች» ብላችሁ ጻፉ። ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ጎብኚውን ያስቆመዋል። «ለምን?» ይላል። ያን ጊዜ አስጎብኚው የሚለው ነገር ይኑረው፤ ስለ ርስት፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ምኒልክ አዋጅ። ሠሪዋ ላልታወቀች የድሮ ዕቃም «ስሟ አልተመዘገበም» በሉ። «ያልታወቀ» አትበሉ እባካችሁ። ትታወቅ ነበር። ገበያ ላይ ዕቃውን የገዛው ሰው ፊቷን አይቷል፣ ዋጋ ተከራክሯታል። አለመጻፍ የተሠራ ሥራ ነው።

የወለቃ ምስሎችን ደግሞ ከ«መታሰቢያ ዕቃ» መደብ አውጡልኝ። ከሥዕሉ አጠገብ ይቀመጡ። የሰለሞንና የሳባን ታሪክ በብዙ ሣጥን ከፋፍሎ በሸራ የሚሥለውን ሰው ሠዓሊ እንለዋለን። ያንኑ ታሪክ በጭቃ የምትቀርጸው ምን አደረገችን? አክሱም ውስጥ በቁፋሮ ከወጡት ሸክላዎች መካከል አንገታቸው የሰው ራስ ሆኖ የተቀረጸ አሉ። የፀጉሩ አሠራር ዛሬ ትግራይ የምናየውን ሹሩባ ይመስላል። ያኔም ጭቃ ሰው ይቀርጽ ነበር፤ ለፈረንጅ ብለን የጀመርነው ነገር አይደለም።

የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ልጆቹን ወደ ሙዚየም በአውቶቡስ ከምታጓጉዙ ሸክላ ሠሪዋን ክፍል ጋብዟት። የአበል ነገር እንዳትረሱ፤ ለእንግዳ ተናጋሪ የሚከፈለው ይከፈላት። ውሃ ስትጠይቅ ደግሞ ሁሉም በሚጠጣበት ብርጭቆ ይሰጣት። ልጆቹ ከጭቃው ይልቅ ብርጭቆውን ነው የሚያስታውሱት።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ይህን ደብዳቤ ሳነብላት ስለ ጣሳው የሚለው ጋ ስደርስ «እሱን አውጪው» አለችኝ። አላወጣሁትም። ቀጥላ ግን የሸክላ ሠሪዋን ስም ነገረችኝ። ከ40 ዓመት በኋላ ታስታውሰዋለች። የአባቷን ስም ጭምር። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቿን ፈልጌ ሳላገኝና ሳልጠይቅ መብቱ የለኝም። እየፈለግኩ ነው።

ካርዱን እንደገና ለመጻፍ በጀትና ኮሚቴ ያስፈልገናል እንዳትሉኝ እኔው ጽፌዋለሁ። ቀድታችሁ ለጥፉት፦

«ጀበና። በሴት እጅ፣ ያለ መዘውር የተሠራች። ሠሪዋ ጎንደር አካባቢ ትኖር ነበር። በሙያዋ ምክንያት ቡዳ ትባል እንደነበር ይገመታል። ዕቃዋን ስንቀበል ስሟን አልጠየቅንም። የምታውቋት ካላችሁ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ንገሩልን።»

ከአክብሮት ጋር

ስሜን አልጻፍኩም። እማማ የእሳቸውን እስኪጽፉ እኔም ልቆይ።